በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ የነዳጅ መፍሰስን ስለ መመርመርና ስለ ማደስ

መግቢያ

የናፍጣ ሞተር ያለው መኪና ሲያረጅ ከሚያገኙት ችግሮች አንዱ የነዳጅ መፍሰስ ነው። መኪናው አድሮ ከቆመበት ሲነሣ መሬቱ ላይ የሚታየው እርጥበት፣ በጉዞ ጊዜ የሚሸተው የናፍጣ ሽታ፣ ጧት ጧትም ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማስጮህ፣ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው። ብዙ ሰው ግን መፍሰስ ብሎ የሚጠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የመጨረሻውን «ባትሪው ደክሟል» ወይም «ፖምፓው አርጅቷል» እያለ ያልፈዋል። በዚህም ምክንያት በአንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ሊድን የሚችል መኪና ፖምፓው ወርዶ፣ ተፈትቶና ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ችግሩ ግን እንደ ነበረ ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ነዳጅ የሚወጣበት ቀዳዳ አየር የሚገባበትም ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ያለው ግፊት ነው። ስለዚህ መርማሪው ኪያቬ ከማንሣቱ አስቀድሞ «እዚህ ላይ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ለምሳሌ የመረጥነው ቪኢ የሚባለው አከፋፋይ ፖምፓ ያለበትን ሞተር ነው። ይህ ፖምፓ የቦሽ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በወጣው የቮልስዋገን ጎልፍ ናፍጣ መኪና ላይ ተገጥሞ ነበር። በኋላም በጃፓን በፈቃድ እየተሠራ በብዙ መኪናዎች ላይ ገብቷል። በአገራችን በሚገኙት አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስና ሃይኤስ መኪናዎች ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች የዚሁ ዓይነት ፖምፓ አላቸው። የሲሊንደራቸው ይዘትም እንደ ቅደም ተከተላቸው 2446፣ 2779 እና 2986 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው።

፩. የነዳጁ መንገድና የግፊቱ ልዩነት

ነዳጁ ከሰልባትዮው ተነሥቶ በብረትና በጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይመጣል። በፊልትሮው ራስ ላይ አየር ለማስወጣት በእጅ የምትገፋ ትንሽ ፖምፓ አለች። ከፊልትሮው ነዳጁ ወደ ዋናው ፖምፓ ይገባል። በዋናው ፖምፓ ውስጥ፣ ከዘንጉ ጋር የምትዞር፣ ክንፎች ያሏት ሌላ ትንሽ ፖምፓ አለች፤ ነዳጁን ከሰልባትዮው ድረስ የምትስበው እርስዋ ናት። ከዚያ በኋላ የአከፋፋዩ ፒስተን ነዳጁን እጅግ ጨምቆ በየተራው ወደ ኖዝሎቹ ይልካል። ከመጠን ያለፈውም በመመለሻው ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። እንግዲህ ይህ መንገድ በግፊት ረገድ በአራት ክፍል ይከፈላል።

የመጀመሪያው የመሳቢያው ክፍል ነው። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው መግቢያ ድረስ ያለው ግፊት ሞተሩ ሲሠራ ከውጭው አየር ያንሳል። በዚህ ክፍል ያለ ስንጥቅ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ አያፈስም፤ አየር ይስባል እንጂ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚሆነው ደግሞ በከፍታው ልዩነት ይወሰናል። የነዳጁ ገጽ ከፖምፓው መግቢያ በ60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በመግቢያው ላይ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ0.05 ባር ያህል ያንሳል። ይህ ጥቂት ይምሰል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አየር ለማስገባት ይበቃል። አየሩ ሲገባ ነዳጁ ወደ ሰልባትዮው ይንሸራተታል፤ ጧትም ሞተሩ እንቢ ይላል። ያው መኪና ሰልባትዮው ሞልቶ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ቢያድርና የነዳጁ ገጽ ከስንጥቁ በላይ ቢሆን፣ ከዚያችው ስንጥቅ ነዳጅ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ስለዚህ «ዳገት ላይ ሲያድር አይነሣም፣ ቁልቁለት ላይ ሲያድር ያፈሳል» የሚል ባለ መኪና ሁለት በሽታ ሳይሆን አንድ በሽታ እየነገረን ነው።

ሁለተኛው የፖምፓው ሆድ ነው። ባለ ክንፏ ፖምፓ ነዳጁን በጥቂት ባር ግፊት ትሞላዋለች፤ የሞተሩ ዙር በጨመረ መጠንም ይህ ግፊት እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ከፖምፓው ክዳን ወይም ከዘንጎቹ የሚፈሰው ነዳጅ ሞተሩ ሲሠራ፣ ይልቁንም ዙሩ ከፍ ሲል፣ ይበረታል፤ ሲቆም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚወስዱት የብረት ቱቦዎች ክፍል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ኖዝሉ የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በዚህ ክፍል የሚገኝ ቀዳዳ ነዳጁን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል።

አራተኛው የመመለሻው ክፍል ሲሆን ግፊቱ ከውጭው አየር ብዙም አይለይም። ከዚህ የሚወጣው ነዳጅ በዝግታ እየራሰ የሞተሩን ጎን ያቆሽሻል። የማያስፈራ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ስለሚወርድ ፖምፓውን አርሶ ፖምፓው በሐሰት እንዲከሰስ የሚያደርገው ይኸው ክፍል ነው።

፪. መፍሰስ የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት የገንዘብ ነው። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል ብለን ብንወስድ፣ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ያባክናል። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ መኪና 1.8 ሊትር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 45 ሊትር መሬት ላይ ያፈሳል ማለት ነው። ሆኖም ከዚህ የሚብሱ ሦስት ጉዳቶች አሉ።

አንደኛ፣ በ2ኤልና በተከታዮቹ ሞተሮች ፖምፓውን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋው ነው። በፖምፓው ፊት ለፊት ያለው ፓራኦሊዮ ሲያፈስ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ቺንጋው ቤት ይገባል። ክዳኑ ስለሚሸፍነው ከውጭ ጎልቶ አይታይም። በናፍጣ የራሰ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱም ይረግፋል። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮላዎቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ በጥቂት ብር ሊታደስ ይችል የነበረው ነገር ሞተሩን ሁሉ ያስወርዳል። ፖምፓው በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ በሚዞርባቸው ሌሎች ሞተሮች ደግሞ የዚሁ ፓራኦሊዮ መበላሸት ነዳጁን ወደ ሞተር ዘይቱ ይጨምራል። የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ማለቱ፣ መቅጠኑና ናፍጣ ናፍጣ መሽተቱ ምልክቱ ነው።

ሁለተኛ፣ እሳት ነው። በጠፍጣፋ ዕቃ ላይ የተኛ ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቶሎ አይቀጣጠልም። ነገር ግን በግፊት ተረጭቶ ጉም ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ብረት ካገኘ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል፤ የጭስ ማውጫው ብረት ደግሞ ዳገት በሚወጣ መኪና ላይ ከዚህ በላይ ይግላል።

ሦስተኛ፣ በሰው አካል ላይ የሚደርሰው ነው። ከ100 ባር በላይ የሚረጨው ነዳጅ ቆዳን እንደ መርፌ ይወጋል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነና መጀመሪያ ብዙ ስለማያምም ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ነዳጁ በሥጋው ውስጥ ተሰራጭቶ ሕዋሳቱን ስለሚገድል፣ በቶሎ ሐኪም ከፍቶ ካላጠበው ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ እየሠራ የሚፈስበትን ቦታ በጣት ዳስሶ መፈለግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

፫. የምርመራው ሥርዓት

ምርመራው የሚጀምረው በማጠብ ነው። የቆሸሸ ሞተር ላይ የፈሰሰበትን ሳይሆን የወረደበትን ብቻ እናያለን። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ መታጠብና መድረቅ አለበት። በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት አይገባም፤ በፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች እጅግ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ፣ ውጭው በድንገት ሲኮማተር ሊያዙ ይችላሉ። ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የጠመኔ ዱቄት በቀጭኑ ይነሰነሳል። ሞተሩን አስነሥቶ በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች መመልከት ነው። መጀመሪያ የጨለመው ዱቄት ምንጩን ያሳያል። የማራገቢያው ነፋስ ፈሳሹን ወደ ኋላ እንደሚገፋውም መዘንጋት አይገባም።

የፈሰሰው ነገር ናፍጣ ስለ መሆኑ መጠራጠር ቢኖር ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ውኃ ደርቆ ይጠፋል፤ ናፍጣ ሰፊ ክብ ሠርቶ ወረቀቱን ብርሃን አስተላላፊ ያደርገዋል፤ ያገለገለ የሞተር ዘይት ደግሞ በመሐሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ከፍተኛ ግፊት ያለባቸውን ቱቦዎች ለመመርመር በእጅ ፈንታ ካርቶን በሩቁ ይዞ ማሳለፍ ይገባል፤ ካርቶኑ የራሰበት አቅጣጫ ቀዳዳውን ያመለክታል። የዓይን መከላከያ መነጽርም ያስፈልጋል።

በመሳቢያው በኩል አየር ይገባ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ሌላ ዘዴ ይፈለጋል፤ የሚፈስ ነገር ስለሌለ ዓይን ብቻውን አይረዳም። ከፖምፓው መግቢያ በፊት ጥቂት የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ በጊዜያዊነት ይገባል። በቱቦው ውስጥ ነዳጁ ጥርት ብሎ ካለፈ መሳቢያው ጤነኛ ነው። የአረፋ ሰንሰለት ያለማቋረጥ ካለፈ አየር እየገባ ነው። ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ አረፋ ግን እንደ በሽታ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል ብቻ ነው። ነዳጁን ከሰልባትዮው ወደ ፖምፓው የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ስለሆነ፣ እዚህ ያለው ትርፍ በወደብ አገር ካለው ያነሰ ነው። ፊልትሮው በተደፈነ ጊዜ የመሳቢያው ግፊት በጣም ይወርድና በነዳጁ ውስጥ የሟሟው አየር ራሱ አረፋ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አረፋ ያየ ሰው ቱቦውን ሁሉ ከመፍታቱ በፊት ፊልትሮውን መመልከት አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ መንገዱን ለሁለት መክፈል ነው። አንድ ንጹሕ ጣሳ የተጣራ ናፍጣ ተሞልቶ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ከፖምፓው ከፍ ብሎ በደንብ ይታሰራል። የፖምፓው መግቢያና መመለሻ ቱቦዎች ሁለቱም ወደዚህ ጣሳ ይዞራሉ። አየሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ በደንብ ከሠራና አድሮም በቶሎ ከተነሣ፣ ፖምፓው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ በፖምፓውና በሰልባትዮው መካከል ነው። ሞተሩ አሁንም ከተቸገረ ግን መፈለግ ያለበት በፖምፓው ወይም ከፖምፓው ወዲያ ነው። ይህ ፈተና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይወስድም፤ ፖምፓው ያለ ጥፋቱ እንዳይወርድ ግን ትልቁ ዋስትና እርሱ ነው።

ጥፋቱ በመሳቢያው መሆኑ ከታወቀ፣ የማይታየውን መግቢያ ወደሚታይ መፍሰሻ መለወጥ ይቻላል። ቱቦው በሰልባትዮው በኩል ተፈትቶ ሌላው ጫፍ ይደፈናል። ከዚያም በእጅ የጎማ መንፊያ ከ0.5 ባር የማይበልጥ አየር ይሰጠዋል፤ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና ውኃ ይቀባሉ። አረፋ የሚያወጣው መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። አየሩን በሰልባትዮው ውስጥ መንፋት ግን አደገኛ ስለሆነ አይፈቀድም። በዚህ ምርመራ በብዛት የሚገኙት ጥፋቶች፣ በፋሸታው ሥር የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ በፊልትሮው አፍ ላይ ያለው ክብ ጎሚኒ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማውጫ፣ እንዲሁም የእጅ ፖምፓዋ የውስጥ ላስቲክ ናቸው።

፬. ስለ ማደሱ ሥራ

የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ጫፉን ቆርጦ መልሶ መግጠም ለጊዜው ይረዳል። ነገር ግን በአንድ ቦታ የደረቀ ጎማ በሌላውም ስለ ደረቀ መለወጡ ይሻላል። የሚገባው ቱቦ ለነዳጅ የተሠራ መሆን አለበት፤ የውኃ ቱቦ በናፍጣ ይለሰልሳል።

በባለ ቀዳዳ ቡሎኖች ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ራንዴላዎች ሁልጊዜ በአዲስ ቢለወጡ መልካም ነው። አዲስ ሲጠፋ መካኒኮች አሮጌውን በእሳት አግለው ይመልሱታል፤ ይህም በሳይንስ የተደገፈ ነው። መዳብ ሲጨመቅ ይጠነክራል፤ እስኪቀላ ሲግል ግን የውስጥ ቅንጣቶቹ እንደገና ይደራጁና ለስላሳ ይሆናል። ከብረት በተለየም በውኃ ቢቀዘቅዝ አይጠነክርም። ይህ ዘዴ ለአሉሚኒየም ራንዴላ አይሠራም። ከኖዝሉ ሥር የሚገባውና የቃጠሎውን ሙቀት የሚችለው ራንዴላም በአዲስ ብቻ ይለወጣል።

ራንዴላ ሲለወጥ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። በፖምፓው ላይ የመግቢያውና የመመለሻው ቡሎኖች በመልክ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን በመመለሻው ላይ «አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል የተጻፈበት ሲሆን ቀዳዳውም በልክ የጠበበ ነው። በፖምፓው ሆድ ያለው ግፊት የሚጠበቀው በዚህ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ መፍሰሱ ቢቆምም ሞተሩ በትክክል አይሠራም፤ ባለቤቱም ሌላ በሽታ የመጣበት ይመስለዋል።

የከፍተኛ ግፊት ቱቦ በዳዶው በኩል ሲያፈስ መጀመሪያ ፈትቶ ጫፉን ማጽዳትና መመልከት ነው። ሞተሩ እየሠራ ማጥበቅ አይገባም፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅም የቱቦውን ሾጣጣ ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ቱቦው ራሱ ከተሰነጠቀ በብየዳ አይታደስም፤ በዚያው ሲሊንደር በተመደበው ቱቦ ይተካል እንጂ። ቱቦዎቹን አንድ ላይ የሚይዙት ማሰሪያዎች ጠፍተው ከሆነ እነርሱም መመለስ አለባቸው፤ ቱቦውን የሚሰነጥቀው ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጡ ነውና።

በፖምፓው ራስ ላይ ካሉት መፍሰሻዎች የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮንና የነዳጅ መስጫው ዘንግ ክብ ጎሚኒ ፖምፓው ሳይወርድ ሊለወጡ የሚችሉበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የነዳጅ መስጫው ክንድ ከዘንጉ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ በአንድ ጭረት ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። ክንዱ በአንድ ጥርስ እንኳ ተሳስቶ ቢመለስ የነዳጁ ልክ ይዛባል፤ ሞተሩም እንደ ተነሣ ዙሩ ሊያመልጥ ይችላል። የፊቱ ፓራኦሊዮና የአከፋፋዩ ራስ ጎሚኒ ግን ፖምፓውን ማውረድ፣ ከዚያም በመፈተኛ ማሽን መለካትን ስለሚጠይቁ ለፖምፓ ባለሙያ የሚተዉ ናቸው።

አንዳንዶች «ፖምፓው አርጅቷልና በአንድ ጊዜ ጎሚኒው ሁሉ ይለወጥ» ይላሉ። ይህ አሳብ ፖምፓው በግድ ከወረደ በኋላ ትክክል ነው፤ የተከፈተን ነገር በከፊል አድሶ መዝጋት ድካምን መድገም ነው። መጀመሪያውኑ ሳይመረምሩ ለማውረድ ምክንያት ሲሆን ግን ስሕተት ነው።

ስለ ጊዜያዊ መድኃኒቶችም እንናገር። በሰልባትዮ ላይ ያለን ትንሽ ቀዳዳ በልብስ ሳሙና መድፈን ናፍጣ ሳሙናን ስለማያሟሟው እስከ ጋራዥ ለመድረስ ይረዳል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያበቃል። የሲሊኮን ማጣበቂያ በነዳጅ መጋጠሚያ ውስጥ መቀባት ግን ከመፍሰሱ የከፋ ነው፤ በናፍጣ አብጦ ይላጥና ቁርጥራጩ ፖምፓው ውስጥ ይገባል።

ሥራው ሲያልቅ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። የእጅ ፖምፓዋ እስክትጠነክር ትገፋለች። ሞተሩ አሁንም ካልተነሣ የቱቦዎቹ ዳዶዎች በኖዝሎቹ በኩል በጥቂቱ ላልተው ሞተሪኖው ይዞራል፤ ነዳጅ ብቅ ሲል ይጠብቃሉ።

፭. ላስቲኩ የሚሸነፍበት ምክንያት

የጎሚኒ መበላሸት ሁልጊዜ በዕድሜ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በአሮጌ ፖምፓዎች ያለው ላስቲክ ኒትሪል የሚባለው ነው። በቀድሞው ናፍጣ ውስጥ በብዛት የነበሩት አሮማቲክ የሚባሉት ውሕዶች ይህን ላስቲክ በጥቂቱ ያሳብጡት ነበር፤ እብጠቱም መዘጊያውን ያግዘው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመንገድ መኪናዎች የሚሸጠው ናፍጣ ድኙ ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ድኙ የሚወጣበት የማጣራት ሥራ አሮማቲኮቹንም ሊቀንስ ይችላል። ለዓመታት አብጦ የኖረውና መለጠጡን ያጣው ላስቲክ በአዲሱ ነዳጅ ሲኮማተር፣ በዚያ ጊዜ ብዙ አሮጌ ፖምፓዎች ማፍሰስ ጀመሩ። ከዚህ የምንማረው የነዳጁ ጠባይ ሲለወጥ ትናንት ደኅና የነበረው መጋጠሚያ ዛሬ ሊያፈስ እንደሚችል ነው። በማደስ ጊዜ ፍሎሮ ካርቦን ከተባለው ላስቲክ የተሠራ ጎሚኒ ከተገኘ የተሻለ የሚሆነውም የነዳጅን ለውጥ አብልጦ ስለሚችል ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የነዳጅ መፍሰስ ምርመራ የሚመራው በግፊት ነው። ሞተሩ ሲሠራ የሚበረታ ፈሳሽ ከፖምፓው ሆድ ወይም ከከፍተኛው ግፊት ቱቦ፣ ሲቆም ወይም በመኪናው አቋም የሚለዋወጥ ከመሳቢያው፣ በዝግታ የሚያርስ ደግሞ ከመመለሻው ይመጣል ብሎ መነሣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ማጠብ፣ ማየት፣ መንገዱን በጣሳ ለሁለት መክፈልና ጥፋተኛውን ብቻ ማደስ ይከተላል። ይህ ሥርዓት የሚጠይቀው መሣሪያ ጠመኔ፣ ካርቶን፣ ጣሳ፣ ጥቂት የሚያሳይ ቱቦና ትዕግሥት ነው፤ እነዚህም በየትኛውም ጋራዥ የሚገኙ ናቸው። የታይሚንግ ቺንጋው ክዳን ሥር እርጥበት ያየ ባለ መኪና ግን ሥራውን ለሌላ ቀን ማቆየት አይገባውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ ለፓራኦሊዮ የሚወጣው ገንዘብ ነገ ለሞተሩ ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።